ከነቅጠሉ የተተከለው ዋንዛ

ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ወንድ ነው። እኔ ከምንጭ እስከ ቤት ያለውን ዳገት ልጅነቴን ሙሉ ውሃ አዝዬ ወጥቼዋለሁ፤ ያ ሽቅብ ካልሆነ ሽቅብ የሚባለው የቱ ነው? ግን የእኔስ ይሁን። እኔ ጀርባ አለኝ፣ እንስራ አለኝ፣ መንገድ ላይ አረፍ ብዬ የምራገምበት አፍ አለኝ። የሚገርመኝ ዛፍ ነው። ዛፍ ገመድ ሳይታጠቅ፣ ሳያቃስት፣ ከመሬት ሆድ ውሃ ቀድቶ እስከ ጫፉ ያወጣና በቅጠሉ በኩል ለሰማይ ይሰጠዋል። አይንጠባጠብ፣ አይሰማ። እናንተ ሥሩ ተቀምጣችሁ «እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ጥላ ነው!» ትላላችሁ። ጥላ ብቻውን ምን ያቀዘቅዛል? የዛፉ ላብ ነው እንጂ።

ይኼን የምላችሁ ተምሬ አይደለም። ቅጠል ሻጭ ነኝ። አርብ ገበያ ከተማ ጌሾ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ለሁለት ሴት የሚከብድ ርጥብ ጌሾ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ሸክም በአንድ እጄ አነሳዋለሁ። ሌባ አልገባ፣ ፍየል አልደረሰበት። ክብደቱ የት ሄደ? ስንት ዓመት ሙሉ ፀሐይን ስሰድብ ኖርኩ፤ «አንቺ ሌባ!» እያልኩ። ለካ ቅጠል ከሥሩ ከተለየ በኋላ እንኳ መስጠት አያቆምም። የሚያስገባለት የለም፣ እሱ ግን ያወጣል። ያለችውን ይሰጥና ሲጨርስ ይደርቃል። ይኼ ነው ነገሩ።

ሰውም እንዲህ ያለ አለ። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም፤ ዞር ብላችሁ ፈልጉት።

የእኛ ቤቷ እህቴ እትዬ የሻረግ ነበረች። እናታችን ስትሞት እኔ ጡት አልጣልኩም፤ እትዬ ደግሞ ገና ልጅ ነበረች፣ የእኔን ያህል ክብደት መሸከም የማይገባት። ተሸከመችኝ። ቆሎ ሲመጣ «በልቻለሁ» ትላለች፣ ቁርበት ሲነጠፍ «አልበረደኝም» ትላለች፣ እኔም አምኜ እበላለሁ፣ አምኜ እተኛለሁ። ልጅ ሞኝ ነው፤ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው «ያን ጊዜ እሷ መቼ በላች?» ብዬ የጠየቅኩት። ስታለቅስ ያያት ሰው የለም። እኔ እንደሆንኩ ለሁለታችንም አለቅሳለሁ፤ ለቅሶ ቤት ስገባ የመንደሩ ውሻ ሁሉ አብሮኝ ያላዝናል። ስስቅም ያው ነው። እግዜር ድምፁን ሁሉ ለእኔ ሰጥቶ፣ ሥራውን ሁሉ ለእሷ ሰጣት።

ስማዳ ነበር ባሏ ቤት፤ ከወገዳ ወረድ ብሎ። ባሏ ቀድሟት ሞተ፤ አንዲት ልጇ ማስተዋል ንፋስ መውጫ ሳይንስ ታስተምራለች። የካቲት ላይ እትዬ ታመመች የሚል ስልክ መጣ። መንገድ የተዘጋበት ሰሞን ነው። እኔ አርብ ገበያ ላይ ስንቄን ቋጥሬ፣ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል ስል፣ ቋጠሮው ውስጥ ያለው ዳቦ ሻገተ። ደግሞ ሌላ ጋገርኩ። ሁለተኛው ሳይሻግት መንገዱ ተከፈተና ሄድኩ፤ የደረስኩት ለሠልስቷ ነው። ከዚያ በኋላ ስንቄን ማን ፈቶ እንደበላው አላውቅም።

ያስታመሟት ሴቶች ነገሩኝ፤ በመጨረሻ ውሃ አልወርድላት አለ። ያቀርቡላታል፣ አፏን ትከፍታለች፣ አይወርድም። ከንፈሯን በጥጥ እያራሱላት አረፈች። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ውሃ ስትቀዳ የኖረች ሴት! እኔ ይኼን ስሰማ የጮኽኩት ጩኸት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ ይላሉ። ተሰማም አልተሰማ፣ ለእሷ አልደረሰም።

አሁን ወደ ዋንዛው ልምጣ።

እትዬ ጓሮዋ ውስጥ ማንም ያልተከለው አንድ ዋንዛ ነበራት። ወፍ ጥሎት የበቀለ ነው። ምግብ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ ውሃውን እዚያ ላይ ትደፋለች፤ ሰሃን ያለቀለቀችበትንም እዚያው። እንዲህ በእጅ እጣቢ አድጎ እስከ ደረቴ ደርሶ ነበር፤ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ሻካራ፣ ያማረ። ሌላ ያስቀረችው ነገር የለም። ልብሷን ለድሃ ሰጠን፣ ማድጋዋን ጎረቤት ወሰደ። ጓሮው ደግሞ ለባሏ ወንድም ለአያ ስንሻው ነው፤ ግንቦት ላይ ሊያርሰው ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መሬት ጦም አያድርም።

«ዋንዛው መሀል ላይ ነው ያለው፤ በሬ እንዴት ላዙርበት?» አለኝ እያፈረ።

«አትንካው!» አልኩት። «ከእህቴ የቀረኝ እሱ ነው። ነቅዬ መቃብሯ ላይ እተክለዋለሁ።»

ይኼን ያልኩት ሳላስብ ነው፤ አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ካልኩት በኋላ ግን ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋኝ። ስትታመም አልደረስኩ፣ ስትቀበር አልደረስኩ፤ ይቺን እንኳ ላድርግላት። ደብሩን የሚያገለግሉትን ቄስ አድማሱን ሄጄ ለመንኳቸው። እሳቸውም ጢማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና «ዛፍ ለቤተ ክርስቲያን ልብሷ ነው፤ ትከይ» አሉኝ።

ግንቦት ላይ ማስተዋል ከንፋስ መውጫ መጣች። የምንነቅለው በማግስቱ ነው። በዋዜማው ጠዋት ተነስታ አንድ ፌስታል ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ አለበሰችና አፉን በክር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። «ምነው? ብርድ መታው?» አልኳት። «ቆይ ታያለሽ» አለች። አስተማሪ ሲሆኑ ነገር ማስጠበቅ ይወዳሉ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ጠራችኝ፤ የፌስታሉ ውስጥ ጤዛ ለብሷል፣ ታች ጥግ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል። አንድ ሁለት ማንኪያ ይሆናል። ቀዳዳ የለው፣ ዝናብ አልዘነበ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጣዕም የለውም። ጨው የሌለው እንባ ብትሉ እሱ ነው።

«ቅጠሉ ነው ያወጣው» አለች ማስተዋል። «ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለው። ሥሩ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ይተነፍሰዋል። ቀኑን ሙሉ።» በሳይንስ ስሙን ነግራኝ ነበር፤ ረዘመብኝና ተውኩት።

«እሷ የደፋችለት ነው እንግዲህ ይኼ!» ብዬ እንደ ልማዴ ጮኽኩ። የእህቴ የእጅ እጣቢ ሰማይ ሲወጣ መኖሩን ሳውቅ፣ ሐዘኑ ውስጥ አንድ ደስታ ሽው አለብኝ።

ማስተዋል ግን ይኼን ያሳየችኝ ደስ እንዲለኝ ብላ አልነበረም። «አክስቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ነገ ስንነቅለው ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይበጠሳሉ። ውሃ የሚጠጡት እነሱ ናቸው። አዲስ ሥር እስኪያበቅል አይጠጣም። ቅጠሉ ግን ይኼን አያውቅም፤ መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቅጠሉን እንሸምጥጥለት። ጫፉ ላይ ሁለት ብቻ እንተውለት።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት።

ለመሆኑ እኛ አገር ሰው እንዴት እንደሚቀበር ታውቃላችሁ አይደል? የሞተው ለአፈር ነው፣ የሚለቀሰው ለጎረቤት። ለቅሶው ደመቀ ወይ፣ ተዝካሩ አጠገበ ወይ፣ ማን መጣ ማን ቀረ። ባህሉን እየሰደብኩት አይደለም፤ እኔ ራሴ ደረት ስመታ በዓይኔ ጫፍ የሚያየኝን እቆጥራለሁ። ታዲያ እኔ፣ ቀብሯ ላይ ያልነበርኩት፣ «እህቷ እንኳ አልደረሰችላት» የተባልኩት፣ አሁን በሰው ፊት የተራቆተ እንጨት ይዤ ልሂድ? ምን ሊባል?

«እናትሽን በዱላ ላስታውሳት?» አልኳት። «ከነክብሩ ነው የሚሄድ! አንድ ቅጠል ብትነኪ አክስት የለሽም!»

«እሺ» አለች። የእናቷ ልጅ ናት፤ አትከራከር። በተከራከረችኝ ኖሮ።

በማግስቱ አያ ስንሻው ዙሪያውን ቆፍሮ ከነአፈሩ አነሳው፤ ያን የሚያክል ጓል። በምን እንሸከመው? ቃሬዛ መጣ። አዎ፣ ሕመምተኛ የምናወጣበት ቃሬዛ። አራት ሰዎች ተሸከሙት፤ ቅጠሉ በትከሻቸው ላይ እየተወዛወዘ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሙሾ ጀመርኩ፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። መንገድ ላይ ያገኘን አንድ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም፤ ዛፍ ነው» አለው አያ ስንሻው እያላበው።

«ዛፍ? ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ዘንድሮ ሰው አልበቃ ብሎን?» አለና ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

ሳቅን። እውነቴን ነው፣ እያለቀስን ሳቅን። እሷ ከሞተች ወዲህ ከልቤ ስስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። ተከልነው። ቆሞ ሲታይ እንዴት እንዳማረ አትጠይቁኝ! ሴቶቹ «የሻረግ ራሷ ቆማ የመጣች ትመስላለች» አሉ። ይኼን ለመስማት ነበር የመጣሁት፤ ሰማሁት። እስከ ረፋድ ድረስ በዚያ ግቢ እንደ እኔ የኮራ አልነበረም።

ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኩለ ቀን ሲሆን ቅጠሎቹ ዝቅ ዝቅ አሉ። «ደክሞት ነው፣ መንገድ መትቶት ነው» አልን። ከሰዓት ሁሉም እንደ ረጠበ ነጠላ ተንጠለጠሉ። «ጠምቶታል!» ብዬ ተነሳሁ። ጀሪካን ያለው ጀሪካን፣ እንስራ ያለው እንስራ፤ ከምንጭ እስከ መቃብሩ ሴቶች ተሰልፈን ውሃ አመላለስን። ደፋን፣ ደፋን፤ መሬቱ ጭቃ ሆኖ እግር ያዘ፣ ዋንዛው ግን ይብስ ጀመር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! «ጠጣ እንጂ! ጠጣ!» እያልኩ ግንዱን ይዤ ነቀነቅሁት። ውሃ መሀል ቆሞ በጥም ይሞታል።

ያኔ ያስታመሟት ሴቶች የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ያቀርቡላታል፣ አይወርድም። ይኸው እኔም ደረስኩላት፤ ውሃ ይዤ፣ ጩኸቴን ይዤ፣ የማይወርድበት ሰዓት ላይ። ዞር ስል ማስተዋል ባዶ ጀሪካን ታቅፋ ቆማለች። «አልነገርኩሽም ነበር?» ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የቅጠሉ ዳር ተቃጠለ። ቢሆንም አልሸመጥጥም አልኩ። አያችሁ ግትርነት? የሚራቆት ከሆነ ሰው አይቶት፣ «ይኸው ሞተባት» ተብሎ፣ ያ ሁሉ ሙሾ ሳቅ ሊሆን! በሦስተኛው ቀን ቄስ አድማሱ ከቅዳሴ ሲወጡ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ አገኙኝ።

«ልጅቷ ቅጠሉ ይውረድ ብላ ነበር አሉ» አሉኝ።

«ነውር ነው፣ አባቴ። የሙት ዛፍ እንዴት ይራቆታል?»

«ነጠላሽን እስኪ ከራስሽ ላይ አንሺው።»

ምን ነካቸው ብዬ አነሳሁት። ራሴ ተላጭቷል፤ ለእሷ የተላጨሁት ገና በቅጡ አላደገም፣ እንደ ታጨደ ገብስ ማሳ ነው።

«ይኼን ስታደርጊ ማን ነውር አለሽ?» አሉኝ ቄስ አድማሱ። «ዘመድ ሲሞት ዘመድ ይላጫል። ይኼ ዛፍ ከእጇ ውሃ ጠጥቶ ካደገ ከአንቺ በምን ያንሳል? አንቺ ሐዘንሽን ስታወጪ እሱን ከነጌጡ ታቆሚዋለሽ?»

ተነስቼ በገዛ እጄ ሸመጠጥኩት። ቅጠሉ እጄ ላይ ተፈረፈረ፤ ውስጡ አንዲት ጠብታ አልቀረም ነበር። ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል። ሁለቱን የጫፍ ቅጠሎች ልተውለት ብዬ ብፈልግ የሚተው ቅጠል አልነበረም።

ጠበቅን። እኔ ወደ አርብ ገበያ ተመለስኩ፤ ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ መጣ። በየሳምንቱ አያ ስንሻው ልጡን በጥፍሩ እየፋቀ ያያል፤ መጀመሪያ ጫፉ ደረቀ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ እስከ ሥሩ። በስልክ ነገረኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው። እኔም ተቀምጬ ሰማሁት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ገደደኝ። ድምፄም አልወጣ፣ እንባዬም አልወጣ። ጎረቤቶቼ «ምነው ዛሬ ቤትሽ ጸጥ አለ?» ብለው መጥተው አዩኝ።

መንገዱ ደህና ሲሆን ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ ወደ መቃብሯ ሄድኩ። የደረቀውን እንጨት ነቅዬ ጣጣዬን ልጨርስ ብዬ ነው። ስደርስ ግን እንጨቱ የቆመው በአረንጓዴ ነገር ተከብቦ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ጎመን ነው። ወፍራም፣ ቅጠለ ሰፊ፣ የአገራችን ጎመን። ማን ዘራው? ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝ። እትዬ ጓሮዋ ውስጥ ጎመን ታደርግ ነበር፤ ዘሩ መሬት ላይ ረግፎ ኖሮ በዚያ በተሸከምነው ጓል ውስጥ አብሮ መጥቷል። እኛ ለዛፉ ሙሾ እያወረድን፣ በቃሬዛ እየተሸከምን፣ ውሃ እየደፋን፣ ጎመኑ አፈር ውስጥ ተኝቶ በነጻ ተጉዟል። ያከበርነው ሞተ፤ ያላየነው በቀለ።

ቄስ አድማሱ ብቅ አሉ። አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

«መቃብር ነው ጓሮ ነው ይኼ?»

«እኔ አልዘራሁም፣ አባቴ።»

«ያልተዘራ ነገር ላይ ቀኖና የለም» አሉና ሄዱ። ሲሄዱ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ፤ በሳቅ ይሁን በብርድ አላውቅም።

አንድ እቅፍ ቀነጠብኩና በነጠላዬ ቋጠርኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል አላልኩም፤ ለምን እንዳላልኩ እናንተው ገምቱ።

ማስተዋል ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ዘንድ፣ አርብ ገበያ ነበረች። ቤት ደርሼ ጎመኑን ከተፍኩት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሠራሁት። ከቅዳሴ መልስ ቀረብን። አንድ ሁለቴ ጎረሰችና «ይኼ ጎመን ይጥማል፤ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ከእናትሽ ጓሮ» አልኳት። አልዋሸሁም፤ አፈሩ የዚያው ነው።

እጇ እንጀራው ላይ ቆመ። የእናቷ ጓሮ ከታረሰ ሦስት ወሩ ነው፤ እዚያ አሁን የቆመው የአያ ስንሻው ገብስ ነው፤ ይኼን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ጎመኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጥፍሬ ሥር የቀረውን ቀይ አፈር አየችው። አስተማሪ ናት፤ ደረሰችበት። እኔ ትነሳለች፣ ትጮኻለች፣ «በእናቴ መቃብር!» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ስትቀነጥቢው» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ «ጫፉን ተውሽለት?»

«ተውኩለት።»

«እንግዲያ ሌላ ያወጣል» አለችና ቀጣዩን ጉርሻ ለእኔ ጠቀለለች።